አሥራ ስድስት ጣት

ደሳለ በላሊበላ ከገበያው በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ብየዳ ቤት አለው። እኔ ከጎኑ ፎቶ ኮፒ ስለማነሣ የእሱን ብልጭታ ሳይ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ስለ ብየዳ የማውቀው ከዚያ ብልጭታ ብዙም አይበልጥም፤ ብረት ነክ ነገር ላይ ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ደሳለ ሜትር የለውም። የሚለካው በስንዝርና በጣት ነው። «ሜትር ይጠፋል፤ እጄ ግን ወዴት ይሄዳል?» ይላል። ሜትር ይዞ መጥቶ የሚከራከረው ደንበኛ ካለም «ሜትርህ በፀሐይ ተለጥጧል» ብሎ ይመልሰዋል። ለአንድ ወሬ ወዳድ ጎረቤታችን የሠራው የብረት በር በተከፈተ ቁጥር እንደ አህያ ያናፋል። ለምን ዘይት እንደማያጠጣው ብጠይቀው «ሲወጣ እንድንሰማና ወሬያችንን እንድንለውጥ ነዋ» አለኝ።

ይህ ሰው በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሚስቱን የሰገነትን እናት፣ እማሆይ አመተ ጊዮርጊስን። እማሆይ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ፣ በግቢው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። ቁመታቸው ከመቋሚያቸው ያንሳል፤ ቃላቸው ግን ከደሳለ መዶሻ ይከብዳል።

እማሆይ ሰገነት ሕፃን ሆና ስትታመም የተሳሉት ስለት አለባቸው፤ በየዓመቱ ኅዳር ሦስት ቀን ነአኩቶ ለአብ ገዳም ወርደው ንግሡን ሊያከብሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በእግራቸው ሄደዋል። ጦርነት መጥቶ መንገዱ ጭር ባለበት በዚያ ክፉ ዓመት እንኳ አልቀሩም። ባለፈው ክረምት ግን ከበርጩማ ላይ ወድቀው ቀኝ ጉልበታቸው እንደልብ አልታጠፍ አለ። የነፍስ አባታቸው በመኪና እንዲሄዱ ቢፈቅዱላቸው እማሆይ አንድ ነገር ጨመሩበት።

«ሰው አቅፎ ያነሣኝ ክርስትና የተነሣሁ ቀን ነው። ሁለተኛው የቀብሬ ቀን ነው። መሃል ላይ ሦስተኛ የለም። ከመሬት እግሬን አንሥቼ እወጣለሁ፤ ካልወጣሁ እቀራለሁ።»

በበርጩማ ቢባሉ «እሱ ነው የሰበረኝ» አሉ። በሳንቃ ቢባሉ «በሳንቃ የሚጫን ፍየል ነው» አሉ። ባጃጅ ውስጥ እግር ዘርግቶ መቀመጥ አይቻልም። አሸዋ የሚያመላልሰው የሾፌሩ የየሻው ፒክአፕ ደግሞ ለጎበዝም ከፍ ያለ ነው። የቀረው ፒክአፑ ከኋላው የሚጎትተው፣ ደሳለ ራሱ የሠራው ትንሽ ተሳቢ ነበር። እማሆይ ዞረው አዩትና «ይኼ ተሳቢ ነው ወይስ ፎቅ?» ብለው ሄዱ።

የተሳቢው ወለል ከመሬት ሁለት ስንዝር ነበር። በደሳለ ሂሳብ ሃያ አራት ጣት መሆኑ ነው።

«ስንት ጣት ዝቅ እንደማደርገው ለማወቅ» አለኝ ደሳለ፣ «እሳቸው ስንት ጣት እንደሚወጡ ማወቅ አለብኝ።»

«ጠይቃቸዋ።»

«እማሆይን? የአቡነ ዮሴፍን ተራራ በአንድ እርምጃ እወጣለሁ ነው የሚሉኝ።»

ስለዚህ ደሳለ ሌላ ዘዴ ፈጠረ። እማሆይ ጠዋት ቅዳሴ ሲሄዱ በክፍላቸው ደፍ ላይ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ጣውላ ቸነከረ። ደፉ ስምንት ጣት ነበር፤ አሥር ሆነ። በማግሥቱ ሌላ ጣውላ ጨመረ። በየቀኑ ከቅዳሴ ሲመለሱ እኔና እሱ ከውኃ ታንከሩ ኋላ ተደብቀን እናያለን፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባቴን ሳስበው ያሳፍረኛል። እማሆይ መቃኑን በእጃቸው ይይዛሉ፤ ግንባራቸውን አስነክተው ይሳለሙታል፤ ከዚያ እግራቸውን አንሥተው ይገባሉ። አሥራ ሁለት። አሥራ አራት። አሥራ ስድስት። በአምስተኛው ቀን፣ አሥራ ስምንት ላይ፣ ቆሙ።

«ደሳለ!»

ከታንከሩ ኋላ ወጣ። «አቤት እማሆይ!»

«ቤቱ እያደገ ነው ወይስ እኔ እያነስኩ ነው?»

«የዝናብ ውኃ እንዳይገባብዎት ብዬ ነው።»

«በጥቅምት?»

ደሳለ የላይኛውን ጣውላ ነቅሎ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «አሥራ ስድስት ጣት! ከሃያ አራት ስምንት ቀንስ ነው። ስምንቱ ደግሞ ተሳቢው ውስጥ ተደብቋል።»

ነገሩን መሬት ላይ ሥሎ አስረዳኝ። የተሳቢው ሳጥን የሚያርፈው በሁለት ባሌስትራ፣ ንዝረት በሚያበርዱ ድርብርብ ብረቶች ላይ ነው። ባሌስትራዎቹ ደግሞ ሁለቱን ጎማዎች በሚያገናኘው ወፍራም ብረት፣ በአክስሉ ጀርባ ላይ ተጭነዋል። አክስሉን ከባሌስትራው ሥር አውጥቶ ከላዩ ቢያስቀምጠው፣ የአክስሉ አራት ጣትና የባሌስትራው አራት ጣት ይቀነሳሉ፤ ጎማው ሳይነካ ሳጥኑ ስምንት ጣት ይወርዳል።

«እስካሁን ባሌስትራው አክስሉ ላይ ነበር የሚጋልብ፤ አሁን ተራው የአክስሉ ነው» አለ።

ሁለት ቀን ፈጀበት። ተሳቢውን በክሪክ አንሥቶ ብሎኖቹን ፈታ። ባሌስትራው የሚቀመጥባቸውን ጠፍጣፋ ብረቶች ከአክስሉ ጀርባ ቆርጦ ከሆዱ በኩል በየዳቸው። ጎማዎቹ እንዳይንጋደዱ ከመጎተቻው ጫፍ እስከ ሁለቱም ጎማ በሲባጎ ለካ፤ የሲባጎውን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። አክስሉ አሁን ወደ ወለሉ ስለቀረበ ጉድጓድ ሲገባ እንዳይጋጭ በመሃሉ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አሰረ። በመጨረሻ ከክሪኩ ሲያወርደው ወለሉን በእጁ ለካው። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። አሥራ ስድስት።

ኅዳር ሦስት ጠዋት ተሳቢው ላይ ፍራሽ ተነጠፈ። እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። የኋላው መዝጊያ ተከፍቷል። ቀኝ እጃቸውን ወደፊት ዘረጉ፤ እጃቸው አየሩን ዳበሰና ተመለሰ። እግራቸው ትንሽ ተነሣና መሬት ነካ። እንደገና ሞከሩ። አልሆነም።

«እማሆይ» አለ የሻው ከፒክአፑ መስኮት፣ «ዓይኔን ጨፍኜ ላንሣዎት?»

«መኪናውንም እንዲህ ነው የምትነዳ?»

ማንም አልሳቀም። ሰገነት ባሏን ገላመጠችው። «አምስት ቀን የእናቴን በር በጣውላ ስትደፍን ከርመህ፣ ልክህ ይኼ ነው?»

ደሳለ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን ቆጠረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራጠራቸው መሰለኝ።

«ተዉት። የዘንድሮው አልተፈቀደልኝም» አሉ እማሆይ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ መቃኑን ያዙ፤ ተሳለሙት፤ አሥራ ስድስቱን ጣት እንደ ልጃገረድ ተራመዱትና ገቡ።

ደሳለ ወደ በሩ ሄዶ የያዙትን መቃን ነካ።

«እጃቸው!» አለ። «እግራቸው አይደለም፣ እጃቸው ነው! ተሳቢው መቃን የለውም!»

ሮጠ። በብየዳ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ወይዘሮ ገለቴ ጋሸና ላለው ምግብ ቤቷ ያዘዘችው የብረት በር መቃን ቆሞ ነበር። እሱንና የብየዳ ገመዱን እየጎተተ መጣ። እኔና የሻው መቃኑን ተሳቢው ጫፍ ላይ አቁመን ያዝን፤ ደሳለ አራት ቦታ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጎ በየደው። ቤት የሌለው በር ቀጥ ብሎ ቆመ።

እማሆይ ተጠርተው ወጡ። ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መቃኑን ያዙ፤ ከልማዳቸው ግንባራቸውን አስነኩት፤ እግራቸው ተነሣ። ከፍራሹ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው እግራቸውን ሲዘረጉ ሰገነት እልል አለች። እኛ ከጎናቸው ተሳፈርን።

ከተማውን ለቀን ስንወርድ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያየናል። «ቤቱ የት ቀረ?» ይለናል አንዱ። «ከኋላ እየመጣ ነው!» ይላል ደሳለ። ወደ ነአኩቶ ለአብ የሚታጠፈው መንገድ ጋ ስንደርስ ከጋሸና የመጣ ሚኒባስ ድንገት ቆመና አንዲት ሴት ወረደች። ወይዘሮ ገለቴ ነበረች። መቃኗን ልትወስድ ነው የመጣችው።

«አንተ ደሳለ! ይኼ የኔ በር አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ምን ይሠራል እዚህ?»

«ሊሳለም መጥቶ ነው።»

ገለቴ አፏን ልትከፍት ስትል እማሆይን አየቻቸውና ለዘበች። «እንግዲያስ ደንበኛ እንዲያስገባ ይጸልዩለት፣ እማሆይ» አለችና እሷም ተሳፈረች።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ገደል ሥር ደጁ ላይ ስንደርስ እማሆይ መቃኑን ይዘው በራሳቸው እግር ወረዱና ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገለጡ። የሚያውቋቸው መነኮሳት ሊስሟቸው ሲጠጉ ግን ደንግጠው ቆሙ። ደሳለ መቃኑን ቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም የቀባው በዋዜማው ማምሻውን ነበር፤ ለካስ አልደረቀም፤ በጥድፊያው የእኛም እጅ መቅላቱን ልብ አላልነውም። የእማሆይ መዳፍ ቀልቷል። ግንባራቸውም ቀልቷል።

«አመተ ጊዮርጊስ!» አሉ አንዲት አሮጊት መነኩሲት። «እንሶስላ ሞቅሽ?»

እማሆይ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። «አማቼ ነው የዳረኝ» አሉና ወደ ንግሡ ገቡ።

ገለቴ የእማሆይ ጣቶች ያረፉበትን መቃን እንዳለ ወሰደችው፤ ደርበህ ቀባው ሳትል። ለተሳቢው ደሳለ ሌላ መቃን ሠራለት፤ ዛሬም አሸዋ ሲጫን ሠራተኛው በመቃኑ በኩል ነው የሚገባ የሚወጣው።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ እማሆይ ከተሳቢው ወርደው ክፍላቸው በር ላይ ቆሙ።

«ደሳለ።»

«አቤት እማሆይ።»

«ልክህን ወስደሃል። አሁን ጣውላህን ንቀልልኝ።»

ደሳለ እኔን አየኝ። እኔ ታንከሩን አየሁ። «ያኔም ያውቁ ነበር?» አላቸው።

«ታንከሩ አራት እግር አውጥቶ ሲቆም ምን ይመስልሃል?»

«ታዲያ አሥራ ስምንቱ ላይ ለምን ቆሙ?»

«ሃያም ብታደርገው እወጣ ነበር» አሉ መቃኑን እየያዙ። «ጣውላው አሳዝኖኝ ነው።»