የሞጣው ምጽዋ ሆቴል

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ በስልኳ የአንድ ያረጀ ሆቴል ፎቶ አሳየችኝ። ባሕር ጠረፍ ላይ ነው፤ ከአያት ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ። እኔ ግን ወዲያው የሞጣው ሆቴላችን ትዝ አለኝ።

ሞጣ ውስጥ ባሕር የለም። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ግን ወጣትነታቸውን ምጽዋ ባሕር ዳርቻ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ነበር ያሳለፉት። አገራቸው ተመልሰው ስምንት ክፍል ሠሩና «ምጽዋ ሆቴል» አሉት። ከዚያ ያመጡት አንድ ሕግ ነበራቸው፦ «እንግዳ ለእንግዳ አይነሣም።»

ከቢቸና ሄጄ ስቀጠር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሐምሌ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆነና አውቶቡስ ቆመ። ከጤና ጣቢያ የወጣች አራስ ወደ ጉንደ ወይን መሄጃ ብታጣ፣ ባሏ እኛ ዘንድ አሳርፏት በቅሎ ፍለጋ ወጣ። እትዬ ዘውዴ አንደኛውን ክፍል ሰጧት፤ ጣሪያው የማያፈስ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ሆቴሉን ለእኔ ትተው ገጠር ለቅሶ ሄዱ።

በማግስቱ ከሰዓት ለአራሷ አጥሚት እያማሰልኩ ሳለ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ።

«አለቃችን ከደብረ ማርቆስ እየመጡ ነው። አንደኛውን ክፍል አስለቅቂ።»

«አራስ አለችበት፣ ጓድ።»

«ሌላ ክፍል ትተኛ!»

«ሌላው ያፈሳል።»

«ታዲያ አለቃዬ ይበስብሱ?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው እንቢ አይባልም። ማማሰያውን እንደያዝኩ ሄጄ ደጃፏ ላይ ቁጭ አልኩ።

«በእኔ ላይ ተራምደህ ግባ» አልኩት።

ሁለተኛው ክፍል ያረፉት የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ወጡና አጠገቤ ተቀመጡ። «የኔን ይውሰዱ» አሉት፤ «የሚያፈሰው በእግርጌ በኩል ነው።»

አለቃው ማምሻውን በላንድሮቨር መጣ። ሽሮውን በላ፣ የሐጂን አልጋ ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ተኛ። የተቆጣው ሊቀ መንበሩ ነበር። አለቃው እንደ ሄደ፣ አራሷም ባሏ ባመጣው በቅሎ እንደ ወጣች፣ እኔን ሁለት ቀን አሳሰረኝ፤ ሆቴሉንም ለአንድ ወር አሸገው።

እትዬ ዘውዴ ዳቦ ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ድረስ መጡ። «ሆቴልዎን አዘጋሁት» ብዬ አለቀስኩ።

«ብታስነሻት ኖሮ ራሴ ነበርኩ የምዘጋው» አሉኝ።

የወንድሜ ልጅ ይህን ሰምታ «ዛሬ ቢሆንስ፣ አክስቴ?» አለችኝ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ መናገር ሲገባኝ አጎንብሼ ያለፍኩት ያንገበግበኛል። ያንን ቀን ግን ማንም አይወስድብኝም። ዛሬም ይምጡ። ጉልበቴ ያቃተው መነሣት እንጂ መቀመጥ አይደለም።