ባለ ሦስት ጣቱ ጓንት

ኤልዳ ፓቫን የግራ እጇን ሁለት ጣቶች ያጣችው በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ የሸንኮራ አገዳ ቆረጣው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። የማሽኑ ሰንሰለት ተቀረቀረ። ባሏ ሬናቶ ሞተሩን ሊያጠፋ ሲዞር እሷ መጠበቅ አቃታትና እጇን ሰደደች። ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ እዚያው ቀሩ። በማግስቱ ሬናቶ የጋብቻ ቀለበቷን ግሪስ ውስጥ ፈልጎ አገኘው፤ በቀኝ እጇ አጠለቀችው፤ ነገሩም ብዙ አልተወራበትም። በተሊ ከተማ ዙሪያ አገዳ ከሚያለማው ሰው መካከል አካሉ ሙሉ የሆነ ጥቂት ነው።

ጎልፍ የጀመረችው ልጆቿ ከቤት ከወጡ በኋላ ነው። የጎተተቻት ጎረቤቷ ሜርል ዳውሰን ናት። ሜርል ዕድሜዋን በፖስታ ቤት የሠራች፣ ወሬ የማይደክማት፣ ኳሷን ከሜዳው ይልቅ አጠገቡ ካለው የአገዳ እርሻ ውስጥ የምትከት ሴት ነበረች።

«ዱላውን በሦስት ጣት እንዴት አድርጌ ነው የምይዘው?» አለቻት ኤልዳ በመጀመሪያው ቀን።

«እኔ በአምስት ይዤ ምን ፈየድኩ?»

ችግሩ ግን የዋዛ አልነበረም። ዱላውን አጥብቀው የሚይዙት እሷ ያጣቻቸው ጣቶች ናቸው። እነሱ ስለሌሉ ዱላው በመታች ቁጥር መዳፏ ውስጥ ይዞራል፤ ዱላው እንዳያንሸራትት በግራ እጅ የሚጠለቀው የቆዳ ጓንት ሁለት ባዶ ጣቶች ደግሞ ይታጠፉና ከሥሩ ይገባሉ። ሌላው ሰው ወራት የሚለብሰው ጓንት በእሷ እጅ በሁለት ሳምንት መዳፉ ላይ ይበሳል።

በከተማው ዋና መንገድ ላይ ክላረንስ ትራስኮት የሚባሉ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። ጓንቱን ይዛላቸው ሄደች። ሽማግሌው ጓንቱን ወደ ጎን አድርገው እጇን አገላብጠው አዩ።

«የተበሳው እዚህ ጋ ነው አይደል? ከመዳፍሽ ግርጌ፣ ከአንጓሽ በላይ?»

«አዎ። ቆዳው መጥፎ ነው መሰለኝ።»

«ቆዳው ምን አደረገ! ዱላው ስለሚዞር ነው። እዚህ ቦታ የተበሳ ጓንት ሁሉ የሚናገረው የአያያዝን ጉድለት ነው። የአንቺ ጉድለት ደግሞ የሚስተካከል አይደለም፤ እንግዲህ ጓንቱን እናስተካክላለን።»

ባዶዎቹን ጣቶች ቆርጠው ሰፏቸው፤ የጣቶቿ ጉቶዎች በሚያርፉበት ላይ ለስላሳ ቆዳ ደረቡ፤ የመዳፉንም ግርጌ በስስ ቆዳ አጠናከሩት። ስታጠልቀው ልክ እንደ ገዛ ቆዳዋ ሆነላት። ዱላው መዞሩን አቆመ ባይባልም ቀነሰ። ሦስት አሠራች፤ ሽማግሌውም ሲሰጧት አብረው ምክር ሰጧት።

«ቆዳን የሚገድለው ላብ ነው። አንዱን ስትለብሺ ሁለቱን አሳርፊ። ፈረስ እንኳ በየቀኑ አይጫንም።»

ኤልዳ ምክሩን እንደ ሕግ ያዘችው። ከጨዋታ በፊት እጇን በሳሙና ታጥባ ታደርቃለች፤ የፀሐይ ቅባቷን ቤቷ ሳለች ተቀብታ መዳፏን ትለቃለቃለች፤ ቅባት የነካው ቆዳ ይዋል ይደር እንጂ መድረቁና መሰንጠቁ አይቀርምና። ጓንቱን ስታወልቅ ጣት በጣት ጫፉን ሳብ ሳብ እያደረገች ነው እንጂ እንደ ፍየል ቆዳ ገልብጣ አትገፈውም። ኳሷ ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርስና የሚቀረው ቀላል ምት ሲሆን ታወልቀዋለች። ኪሷ ውስጥ ጨምድዳ አትከተውም። ቤቷ ስትገባ መጨማደዱን በመዳፏ ዳብሳ፣ ማሰሪያውን ዘግታ፣ ጥላ ውስጥ ጠፍጠፍ አድርጋ ታሰጣዋለች። የዱላዎቿንም እጀታ በየወሩ በብሩሽ ታጥባለች፤ እጀታው ከቆሸሸ ያሟልጫል፣ ሰው ደግሞ ሲያሟልጨው ያጠብቃል፣ ሲያጠብቅ ቆዳውን ይበላል።

የጎልፍ ክበቡ ውስጥ ሳቁባት። ሬናቶም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበር።

«እኔንም ከሥራ ስገባ እንዲህ ዳብሳ ጥላ ውስጥ ብታጋድመኝ ምን አለበት!»

«አንተ ቆዳህ ወፍራም ነው፤ አትበላሽም» ትለዋለች።

ትራስኮት ሲሞቱ ሱቃቸው የዓሣ ማጥመጃ መሸጫ ሆነ። በዙሪያው ባሉት ከተሞች ጓንት የሚያስተካክል ሰው ጠየቀች፤ አልተገኘም። በእጇ የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ደኅና፣ ሁለተኛው የሳሳ። በጥንቃቄ ሦስት ዓመት አቆየቻቸው።

በስድሳ አንድ ዓመቷ፣ ሁለት ቀን በሚፈጀው የክበቡ የሴቶች ሻምፒዮና ውድድር፣ የመጀመሪያውን ቀን በሁለት ምት ልዩነት መራች። እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟት አያውቅም። መጨረሻዎቹ ጉድጓዶች ላይ ግን የተሊ ዶፍ ዝናብ ወረደና ደኅናው ጓንቷ ራሰ። በክበቡ በረንዳ ጥላ ውስጥ አሰጣችውና ሻይ ልትጠጣ ገባች።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሜርል በበረንዳው ስታልፍ እርጥቡን ጓንት አየችው። ነገ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው። ወስዳ መኪናዋ ውስጥ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ፀሐዩ ከሚያርፍበት ላይ አስቀመጠችውና መስኮቱን ዘጋች።

«ሜርል፣ ጓንቴን አይተሻል?» አለች ኤልዳ ስትወጣ።

«አድርቄልሻለሁ! ነይ እይው፣ ክው ብሏል!»

እውነቷን ነው፣ ክው ብሎ ነበር። ጣቶቹ ተቆልምመዋል፤ መዳፉ እንደ ቋንጣ ደርቋል። ኤልዳ ልታጠልቀው ሞከረች፤ ከአውራ ጣቷ አላለፈም። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጥላው ሄደች።

በማግስቱ በሳሳው ጓንት ተጫወተች። ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ተተረተረ። ቀሪውን በባዶ እጇ ጨረሰች፤ ጉቶዎቿ ደም አወጡ፤ ሦስተኛ ወጣች።

ሁለት ወር ሙሉ ሜርልን አላናገረቻትም። ያንገበገባት ዋንጫው ብቻ አልነበረም። ያ ጓንት እጇ ላይ ሲሆን ስለ እጇ አታስብም ነበር። አሁን ዱላ ባየች ቁጥር የምታስበው ስለ እጇ ነው። ዱላዎቿን ጋራዥ ውስጥ አስቀመጠች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሜርል ካርቶን ተሸክማ መጣች። ኤልዳ የበሩን የትንኝ መረብ አልከፈተችላትም።

«ብትፈልጊ አታናግሪኝ፤ ግን እዪው» አለችና ካርቶኑን በረንዳው ላይ ፈታችው።

የጣለችው ጓንት ነበር። ሜርል ከቆሻሻው አውጥታ፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላ ስታለሰልሰው ሰንብታ፣ ስፌቱን በምላጭ አንድ በአንድ ፈትታዋለች። ቁርጥራጩ ሁሉ ወረቀት ላይ ተዘርግቷል፤ ዙሪያው በእርሳስ ተከቧል። አጠገቡ አዲስ ቆዳ፣ መርፌ፣ ሰም የተቀባ ክር።

«ልትለብሺው አትችዪም። ሽማግሌው እንዴት እንደቆረጡት ግን ይኸው፣ ሁሉም እዚህ አለ። መስፋት አልችልም፤ እጄ ለመርፌ አልተፈጠረም። ቆዳውን መያዝ ግን እችላለሁ።»

ኤልዳ የበሩን መረብ ከፍታ ወጣችና ቁርጥራጩን ጎንበስ ብላ አየችው። ሽማግሌው የጉቶዎቹን ቦታ የቆረጡት ክብ አድርገው ሳይሆን ሰያፍ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ለብሳው አላወቀችም።

«አንቺ ሞኝ ሴትዮ» አለች በመጨረሻ። «ሁለተኛ ንብረቴን እንዳትነኪ።»

«አልነካም።»

«ግቢ። መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።»

ሜርል ቆዳውን በሁለት እጇ ወጥራ ያዘች፤ ኤልዳ ሰፋች። የመጀመሪያው ጠበበ። ሁለተኛው አውራ ጣቱ ተጣመመና ሬናቶ «የዶሮ እግር» ብሎ ሳቀበት። ሦስተኛው፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ልክ ሆነ። በማግስቱ ሁለቱም ሜዳ ወረዱ፤ ሜርል በመጀመሪያው ምት ኳሷን አገዳ ውስጥ ጨመረች። በሚቀጥለው ዓመት ውድድር ኤልዳ ሁለተኛ ወጣች። ሻምፒዮን ሆና አታውቅም።

የጓንቱ ወሬ ግን ወጣ። መጀመሪያ የመጣው ከስኳር ፋብሪካው ጡረታ የወጣ፣ አመልካች ጣቱ የሌለ ሰው ነው። ኤልዳ ሰፋችለትና ስታስረክበው እንዲህ አለችው፦

«ፀሐይ ላይ ብታሰጣው ሁለተኛ እንዳትመጣ።»

ሜርል ወደ መስኮቱ ዞር አለች።

ከዚያ ሪህ እጁን የቆለመመው ሰው መጣ፤ ከዚያ እጁ የተቃጠለ። ረቡዕ ረቡዕ የኤልዳ የምግብ ጠረጴዛ በቆዳ ይሞላ ጀመር። ከኢንግሃም ከተማ አንዲት ሴት፣ ከተወለደች ጀምሮ ግራ እጇ ላይ ከአውራ ጣቷ በቀር ጣት የሌላት፣ እጇን ወረቀት ላይ አሳርፋ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ስላ ላከች። እንዲህ ያለ እጅ ኤልዳ ሰፍታለት አታውቅም። ከሜርል ጋር ሁለት ረቡዕ ተከራክረው፣ ማሰሪያውን ከእጅ አንጓ ወደ ክንድ አሻግረው ሰፉና በፖስታ ላኩት።

መልሱ በሳምንቱ ደረሰ። ሜርል ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ዱላውን ይዟል። አውራ ጣቴን ግን ቆንጥጦ ሊገድለኝ ነው፤ አስተካክሉልኝ።» ጓንቱም በፖስታው ውስጥ ነበር።

«አመሰግናለሁ እንኳ አይባልም?» አለች ሜርል።

ኤልዳ የአውራ ጣቱን ስፌት ብርሃን ላይ ይዛ አየችው። ሴትዮዋ ልክ ነበረች፤ ጠብቋል። ምላጩን አንሥታ መፍታት ጀመረች።