ዶክተር አስረስ ስለ ሽንት ያወሩበት ምሽት

አላመንኩም። ጠዋት የአክስቴ ልጅ ደውላ «ዶክተር አስረስ አረፉ» ስትለኝ «የትኛው አስረስ?» አልኳት። ሌላ ያለን ይመስል።

ስልኬን ስከፍት ሁሉም ዘመዳቸው ሆኖ አገኘሁት። «አባታችን»፣ «ኩራታችን»፣ «የሥጋ ዘመዳችን»። እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ውስጥ የሻማ ሥዕል ያልለጠፈ የለም። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ጊዜው አይደለም የምትሉኝ፣ ሌላ ጽሑፍ አንብቡ።

ለማታውቁ ልጆች፦ በዘጠናዎቹ በሳምንት አንድ ምሽት በቴሌቪዥን የአማርኛ ፕሮግራም ነበረች። ከእሷ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ የዶክተር አስረስ ነበረች፤ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት ያስተምራሉ።

ሽማግሌዎቻችን ለዚያች ደቂቃ ጋቢ አጣፍተው ነው የሚቀመጡት። እሳቸው «እንዴት አመሻችሁ» ሲሉ ሁሉም ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ» ይላል። አባዬማ እግሩን መዘርጋት ነውር ነው ይል ነበር። አያዩህም እኮ ስለው ስርዓት የለሽ ይለኛል።

ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉ ነበር፦ «ማፈር ለሌባ ነው እንጂ ለበሽተኛ አይደለም።» ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ «እውነቱን ነው» ይላሉ።

በማግስቱስ? ዶክተሩ ቀን ቀን የሚሠሩት እዚሁ ሰፈራችን ቁፓት ሖሊም፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነበር። አንድ ሽማግሌ በራቸውን አያንኳኳም። ሰባት ቤት ቆጥረው ዘመድ አድርገዋቸዋላ! ለዘመድ ልጅ ገላ ይገለጣል እንዴ? ስለዚህ ቶር፣ ማለትም ቀጠሮ፣ የሚያስይዙት አጠገባቸው ካለችው ከሩሲያ ከመጣችው ሐኪም ዘንድ ነው። እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እነሱ ዕብራይስጥ አያውቁ። ሲቸግራት ማንን ትጠራለች? ዶክተር አስረስን። የራሳቸው ክፍል ባዶ፣ እሳቸው በሰው ክፍል አስተርጓሚ።

አባዬ ደም መሽናት ጀመረ። እናቴ ልብሱን ስታጥብ አየች። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ጎትቼ ወሰድኩት። ሩሲያዊቷ ፊት ስንቀመጥ ሴት ልጅ የአባቷን ሽንት አትተረጉምም ብሎ አፌን አዘጋኝ። እሷም በሩን ከፍታ ዶክተር አስረስን ጠራች።

አባዬ እንደ ቴሌቪዥኑ ጊዜ ብድግ አለ።

«ምንህን ነው ያመመህ፣ አባቴ?»

«ጉንፋን ነው።»

«ጉንፋኑ ቀይ ነው» አልኩ እኔ።

አባዬ ውሸቷን ነው ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ።

በዚያ ሳምንት ፕሮግራሟ ላይ ዶክተሩ ስለ ልጆች ጥርስ ሊያወሩ ነበር። ካሜራውን ትክ ብለው አዩና፦ «ጥርሱ ይቆየን። ሽንቱ የቀላ አባት ካለ፣ ነገ ጠዋት ይመርመር። እኔን ካፈረ ሌላ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ እኔ እዚያ ክፍል አልገባም።»

አባዬ ተነሥቶ «እሺ» አለ። ለቴሌቪዥኑ! በማግስቱ ቀዩን ሽንት በጠርሙስ ይዞ ሩሲያዊቷ ዘንድ ሄደ። ፊኛው ላይ ዕጢ ተገኘ፣ በጊዜ ወጣለት፣ ዳነ።

አሁን የሚያናድደኝ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ኪካር፣ አደባባዩ ላይ ተሰበሰቡ። ሴትና ሕፃን እራት ላይ ተቀምጦ ሽንት ተባለ፣ ተዋረድን አሉ። ጥቂቶች ተመርጠው የፕሮግራሟ አዘጋጆች ዘንድ ለአቤቱታ ሄዱ። ከመካከላቸው አንዱ አባዬ ነበር። ቁስሉ ሳይደርቅ! እንዴት ትሄዳለህ ስለው፣ «መዳኔ ሌላ፣ ነውር መናገሩ ሌላ» አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዶክተር አስረስ ቦታ ስለ ካሮት የምታወራ ሴት መጣች። እሳቸውን ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ያያቸው የለም። ጡረታ እስኪወጡ በሰው ክፍል ሲያስተረጉሙ ኖሩ። ሻማ ለጣፊዎች፣ ያን ጊዜ አንዳችሁም «ይመለሱልን» አላላችሁም።

ዛሬ አባዬ ደወለ። ዘጠናን የተጠጋ ሽማግሌ ነው፤ ያለቅሳል። ዘመዳችን ነው፣ ውሰጂኝ፣ ቀብሩ ላይ ሁለት ቃል እናገራለሁ አለኝ።

«እወስድሃለሁ» አልኩት። «ግን ማይኩን ስትይዝ ምን አሞህ እንደነበር፣ ማን እንዳዳነህ፣ አንተ ደግሞ ምን እንዳደረግህ ሴቱም ሕፃኑም እየሰማ ትናገራለህ። ያለዚያ መኪና ውስጥ ትቀመጣለህ።»

«ጋቢዬን ላጣፋ፣ ነይ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ዶክተር፣ አንቱ በሰላም ይሂዱ። ከሰዓት እንመጣለን፤ ዘግይተን፣ ግን እንመጣለን። አባዬ አፍሮ ዝም ካለ ማይኩን ከእጁ ወስጄ እኔ እናገራለሁ።