ለዲጄው ያስተረጎምኩ ዕለት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት መጋቢት ውስጥ ነው። ገጠመኝ ልበለው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ግማሹን የጎነጎንኩት እኔው ነኝ። እስካሁን ብቻዬን ድራይቭ ሳደርግ ትዝ ይለኝና እስቃለሁ። ስቄ ስጨርስ ደግሞ ፊቴ በእፍረት ይግላል።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ የሚባለው መንገድ ላይ፣ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። እትዬ አስካለ ስድሳዎቹን ያጋመሱ፣ ጌታን አጥብቀው የሚወዱ፣ ሰውን ደግሞ አጥብቀው የሚከታተሉ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሃውቶርን ባለው ቤታቸው የጸሎት ኅብረት ይሰበስባሉ። በዚያ ሰሞን ቂም ይዤባቸው ነበር። ትከሻዬ ላይ ያስነቀስኩትን አይተው አዲስ አበባ ድረስ ደውለው ለእናቴ ነግረውብኛል።

ቲያጎ የሚባል ብራዚላዊ እኛ ጋ መምጣት የጀመረው ያኔ ነው። ቀጭን ነው፤ ከኮፍያው እስከ ጫማው ጥቁር ይለብሳል። ገና በር እንደከፈትን ይገባና ጥግ ይዞ ሽሮ ያዛል። ሥራውን ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ዲጄ ነው። ቴክኖ የሚባለውን፣ ዘፋኝ የሌለውን፣ ድም ድም የሚለውን የዳንስ ሙዚቃ ራሱ ያቀናብርና በየአገሩ እየዞረ ያጫውታል። ቪዲዮው ላይ ሰዉ ለጉድ ነው። እሱ ከፍ ብሎ ቆሞ አንዲት ቁልፍ ሲነካ ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን ያነሳል።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ ከወጥ ቤት ወጡና በእንግሊዝኛቸው፣ "አንተ፣ ሥራህ ምንድነው?" አሉት።

የቲያጎ እንግሊዝኛ ከእሳቸው ብዙም አይሻልም፤ "ል" አፉ ውስጥ ወደ "ር" ትዞርበታለች። "ፕሌይ አደርጋለሁ፣ አጫውታለሁ" ሊል ፈልጎ "ፕሬይ" አለ። እጸልያለሁ ማለት ሆነ።

"በርሊን እጸልያለሁ፣ ሜክሲኮ እጸልያለሁ" አላቸው። "አንዳንዴ ስምንት ሰዓት ሳላቋርጥ።"

እትዬ አስካለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ስምንት ሰዓት!"

"ሰዎቹ እጃቸውን ያነሳሉ። የሚያለቅሱም አሉ" አለ በትሕትና።

እኔ ሳህን ተሸክሜ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ እዚያው ያበቃ ነበር። አልተነፈስኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ይሄ ቀጭን ልጅ" መባሉ ቀርቶ "ወንድም ቲያጎ" ሆነ። ያላዘዘው ሁሉ ይቀርብለት ጀመር። በሳምንቱ እትዬ አስካለ ጠሩኝና፣ "ቅዳሜ እቤት መጥቶ ያገልግለን። አንቺ ታስተረጉሚለታለሽ" አሉኝ።

ለቲያጎ፣ "ሴትዮዋ ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሰው ይሰበስባሉ፤ ስለ ሥራህ እንድትነግራቸው ይፈልጋሉ" አልኩት። ውሸት አልነበረም። ደስ ብሎት እሺ አለ።

ቅዳሜ በእኔ መኪና ሄድን። ሳሎኑ ውስጥ አሥራ አምስት የሚሆኑ እናቶች ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። ቲያጎ አየት አደረጋቸውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "እነዚህ ሁሉ ቴክኖ ይወዳሉ?" አለኝ።

"ዛሬ እናያለና" አልኩት።

ጀመረ፤ እኔም ማስተርጎም ጀመርኩ። እምላለሁ፣ ምንም አልጨመርኩም። "ሙዚቃ" ሲል ብቻ "ሥራ" እያልኩ አለፍኩ።

"ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ጎሚስታ ነበርኩ። ጎማ ስለጥፍ ነው የምውለው።"

"አሜን!" አሉ እናቶቹ።

"መጀመሪያ ቀን የመጡልኝ አራት ሰዎች ናቸው። አንዷ እህቴ ነበረች።"

"ጌታ ይባረክ!"

"አሁን በርሊን ውስጥ ቅዳሜ የገቡ ሰኞ ነው የሚወጡት። ምግብ አያምራቸው፣ እንቅልፍ አያምራቸው።"

"ሃሌሉያ!" አንዲት እናት ብድግ አሉ። "የእኛ ልጆች ሁለት ሰዓት መቀመጥ አቅቷቸው!"

እኔ ጉንጬን ከውስጥ ነክሼ ይዣለሁ። ቲያጎን ሃሌሉያው ትንሽ ግር አለው፤ ግን ሥራውን በእንዲህ ያለ ደስታ የሰማለት አጥቶ ነው መሰለኝ፣ እየሞቀው ሄደ።

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

"አሁን ግን ፈርቻለሁ" አለ። "መድረክ ልወጣ ስል እጄ ይንቀጠቀጣል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ፕሮግራሞች አሞኛል ብዬ ቀረሁ። እዚህ የመጣሁት አዲስ ሥራ ልሠራ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስቱዲዮ እየገባሁ ምንም አልወጣልኝም። ጠዋት ጠዋት እናንተ ምግብ ቤት የምቀመጠው ስቱዲዮውን ስለምፈራው ነው። ሥራዬን ልተወው እያሰብኩ ነው። ለእናቴም አልነገርኳትም።"

ይህን ሳስተረጉም ሳቄ ጠፋ። ሰውየው አምኖን ነው የሚናገረው። እኔ ለቀልዴ ነበር ያመጣሁት።

እትዬ አስካለ እንባቸውን ጠረግ አደረጉና፣ "በል ወንድሜ፣ ጸሎቱን አንተው ጀምርልን፤ እኛ እንከተልሃለን" አሉት። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቲያጎ ወደ እኔ ዞረ። "ምን አሉ?"

"ጸልይልን ነው የሚሉህ።"

"እኔ? አንቺ ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?"

"እትዬ አስካለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "እሱ ሰባኪ አይደለም፣ ዲጄ ነው። የዳንስ ሙዚቃ ነው የሚያጫውተው። ያን ቀን ፕሌይ ሊል ነው ፕሬይ ያለው። እኔ ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር።"

የተጨፈኑት ዓይኖች ሁሉ ተገለጡ።

"ታዲያ እነዚያ ቅዳሜ ገብተው ሰኞ የሚወጡት?" አሉ ቅድም ብድግ ያሉት እናት።

"ሲደንሱ ነው" አልኩ።

"ሦስት ቀን?" አሉ። ደንግጠው ይሁን አድንቀው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እትዬ አስካለ መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ያን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም። ከዚያ ቲያጎን አየት አድርገው ጠየቁኝ። "እጄ ይንቀጠቀጣል ያለው እውነቱን ነው?"

"እውነቱን ነው" አልኩ።

"ታዲያ ምን ቁጭ አደረገን?" ብለው ተነሡ። "መሃል ላይ ወንበር አድርጊለት። እንጸልይልሃለን በዪው። አንቺም ተንበርከኪ፤ ያንቺም ጉዳይ አለ።"

ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ተቀመጠ። አሥራ አምስት እናቶች ከበቡት። በሹክሹክታ ጀመሩ፤ ከዚያ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀበላታለች። አለቀ ስል እትዬ አስካለ በእግራቸው ወለሉን እየመቱ እንደገና ያነሱታል። አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ። ቲያጎ መጀመሪያ ትከሻው ድርቅ ብሎ ነበር። በኋላ አጮልቄ ሳየው ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ከወለሉ ምት ጋር ይነቀንቃል።

መኪና ውስጥ ገብቶ ላቡን ይጠርግ ጀመር። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ላ ብሬያ የሚባለው መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን፣ "ስንት ዓመት ስሠራ" አለ፣ "ሰው እንዲህ ይዞ አርባ ደቂቃ የማይለቅ አላየሁም። አለቀ ስትዪ መልሰው ያነሱታል! ሴትዮዋ ይህን የት ተማሩት?"

ይቅርታ ጠየቅሁት። "አንቺ ክፉ ነሽ" አለኝና ሳቀ። ወዳረፈበት ሆቴል ልታጠፍ ስል ግን፣ "አይ፣ ስቱዲዮ አድርሺኝ" አለ።

ከወር በኋላ ከሜክሲኮ ጻፈልኝ። እጁ እንደተንቀጠቀጠ ነው፤ ግን መድረክ ወጥቷል።

እኔ እትዬ አስካለ የጣሉብኝን ቅጣት አሁንም አልጨረስኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሃውቶርን ሄጄ ወንበር እደረድራለሁ። ሰው ላይ መቀለዴ ያሳፍረኛል። ግን ያኔ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ይዤ ቆሜ ሳለሁ እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ቲያጎ ፍርሃቱን ለማንም ሳይነግር ሽሮውን በልቶ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ተጸጽቻለሁ ለማለት ግን አፌ አልታዘዘልኝም። እትዬ አስካለም ይህን ሳያውቁ አይቀሩም። በጸሎት መሃል "ወንድም ቲያጎን አስበው" ሲሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው የሚያዩት እኔን ነው።