የሀያት ስድስት ቃላት

አፌ ያመጣብኝን ጉድ ልንገራችሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። የሰባት ዓመት ልጇ ሀያት ኦቲዝም አለባት፤ በአንዴ ከአንድ ቃል በላይ አትናገርም ነበር። "ውሃ"፣ "በር"፣ በቃ።

አንድ ቀን ዘይነባ፣ "እህቴ፣ የንግግር ባለሙያዋ፣ ሀያት የሰማችውን ስትደግም ንግግር እየተማረች ነው ብላኛለች። እባክሽ ስታገኚያት ዝም ብለሽ አትለፊያት፣ አውሪያት" አለችኝ። እኔም ደረጃ ላይ ባገኘኋት ቁጥር የሰፈሩን ወሬ ሁሉ እነግራት ጀመር። እሷ የደረጃውን ብረት እየዳበሰች ትወርዳለች እንጂ የምትሰማኝ አትመስልም ነበር።

ባለፈው እሁድ የሕንፃችን ነዋሪዎች ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው፣ "የዛሬው ስብሰባ አሥራ አንድ አጀንዳዎች አሉት" ከማለታቸው፣ ሀያት ከእናቷ ጎን ሆና፣ ልክ በእኔ ድምፅና አነጋገር፣ "ይሄ ሰውዬ ስብሰባ ካልጠራ እንቅልፍ አይወስደውም!" አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ብድግ አልኩ። ዘይነባ ግን ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። "ስድስት ቃል! ሰማችሁ? በአንድ ትንፋሽ ስድስት ቃል!" እያለች እንባዋም ይወርዳል፣ ትስቃለችም።

ጋሽ ታደሰ የአጀንዳ ወረቀታቸውን አጣጠፉት። ሀያት ፊት በርከክ አሉና፣ ጩኸት እንደማትወድ ስለሚያውቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልክ ነሽ የኔ ልጅ" አሏት። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው፣ "በሉ፣ ስብሰባው ተበትኗል!"