አሚን የተባለበት ሜዳ

የማሽላ አገዳ የጫነ ጋሪ በቆቦ አስፋልት ዳር ሲያልፍ፣ ያ ጣፈጥ የሚለው ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ሌላው ሰው የከብት መኖ ይታየዋል፤ እኔ ግን የሚታየኝ ኳስ ነው። የአባቴ ማሳ አጨዳው እንዳለቀ የከተማው ሜዳ ይሆን ነበርና።

እኔና ወንድሜ ጉቶውን በዶማ እየነቀልን፣ እሾሁን እየለቀምን ሜዳውን እናሰናዳ ነበር። እሁድ እሁድ የሮቢት ወይም የዋጃ ቡድን ይመጣል፣ ሰዉም ጎርፍ ለመያዝ በተከመረው የአፈር ጉድብ ላይ ዙሪያውን ይደረደራል። አባቴ ቁጡ ሰው ነበር፤ የእኛ ልጆች ሲሸነፉ ከጉድቡ ላይ ብድግ ብሎ «ውጡልኝ ከማሳዬ!» እያለ አሸናፊውንም ተሸናፊውንም ያባርር ነበር። በሳምንቱ ከሁሉም ቀድሞ የሚቀመጠውም እሱ ነበር።

ክረምት ሲገባ ሜዳው መልሶ ማሳ ይሆናል። ከተራራው ጎርፍ ሲወርድ ወንዶቹ አካፋ ይዘው እየሮጡ ወደ ማሳው ይመልሱታል፤ ጎርፉም ደለሉን ትቶልን፣ በጋውን ሙሉ ስንረግጠው የከረመውን አፈር አድሶ ለማሽላው ያዘጋጀው ነበር።

አንድ በጋ ሹሞች መጥተው ማሳውን ለኩና አባቴን «አምስት ሺ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ይሠራበታል፣ ለእርስዎም ምትክ መሬት ይሰጥዎታል» አሉት። እናቴ «መጀመሪያ ምትኩን ያሳዩን» ብትልም የሚሰማት አልነበረም። አባቴ ደስታው ሌላ ነበር፤ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ዱአ አስደርጎ፣ ማሳውን በአሚን አስረከበ። በእኛ አገር አሚን የተባለበት ቃል አይታጠፍም። ለራሱ የለመነው ከፊት ረድፍ አንዲት መቀመጫ ብቻ ነበር።

ማሳው በሽቦ ታጠረ፣ ማረስም መጫወትም ተከለከለ፣ በአስፋልቱ በኩል አንድ ግንብ ተጀምሮ ከጉልበት ሳያልፍ ቆመ። በየክረምቱ ቅንጨ አረም ይወርሰዋል፣ በየበጋው አዲስ ሹም አዲስ ፕላን ይዞ ይመጣል። አምስት ሺው አስር ሺ፣ አስር ሺው ሃያ ሺ ሆነ፤ ጣራም የመሮጫ መምም ተጨመረለት፤ ግንቡን ግን ዛሬም ፍየል ይዘለዋል። ምትኩም የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

እናቴ «ሽቦውን በጥሰህ እረሰው እንጂ፣ ማን ይጠይቅሃል?» ስትለው፣ «አሚን ብያለሁ። እነሱ ቃላቸውን ቢበሉ እኔም ቃሌን ልብላ?» ይላት ነበር። ይህ መልሱ ከሹሞቹ እኩል ያናድደኝ ነበር፤ አሁንም ያናድደኛል። ያን ቀን አብረውት አሚን ያሉት ሹሞች አንድ በአንድ ተዛውረው ሄደዋል፤ አሚኑን ተሸክሞ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ በትልቅ ሸራ የታተመ ሌላ ፕላን ሽቦው ላይ ተሰቀለ፤ አሁን ሠላሳ ሺ ደርሷል። የአባቴ ዓይን ስለደከመ፣ እጁን ይዤ አስፋልቱን አሻገርኩትና ሸራው ፊት አቆምኩት።

«መቀመጫዬ ታየችሽ?» አለኝ።

ሰማያዊ ወንበሮች በስዕሉ ላይ ተደርድረዋል። «ታየችኝ አባ፣ ከፊት ናት» አልኩት በንዴት።

ያኔ አንድም ወንበር ሳይኖረው ያ ሜዳ ከተማውን ሁሉ ያስቀምጥ ነበር። አሁን አባቴ ቆሞ ደከመውና፣ ሽርጡን ሰብስቦ ፍየል በሚዘለው ግንብ ላይ፣ ፊቱን ወደ አረሙ አዙሮ ተቀመጠ።