የመመከቻ ክንድ

የበደለኝ የካራቴ አስተማሪዬ ነው፤ ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ በመጣው ክረምት፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ሳሎኔ፣ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት። ባሌም በድሎኛል። የእሱን ግን ለምጄው ነበር።

ባሌ ሲጠጣ ይመታኝ ነበር። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም። ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጥ ነበር፤ ፊቴ ሲያብጥ ለደንበኞቼ «ጥርሴን አሞኝ ነው» እላለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እጁን ሲሰነዝር ፊቴ ላይ እንዳያርፍ።

መጀመሪያ ሐይቅ ዳር ጠዋት ጠዋት ቴኳንዶ ሞከርኩ። ለጤና የሚወዳደረው የለም፤ የጉልበቴ ቁርጥማት ለቀቀኝ፣ እንቅልፌም ተስተካከለ። ግን ሁሉ ነገሩ እግር ነው። እግር ለመወርወር ሜዳ ያስፈልጋል፤ ባሌ የሚመታኝ በምድጃውና በቁም ሳጥኑ መካከል ነው። ጁዶ ሰው ይዞ መጣል ነው፤ አብሮኝ የሚለማመደው ጎረምሳ እናቱን የያዘ ይመስል አጥብቆ መያዝ እያፈረ አስቸገረኝ፤ ተውኩት። የቻይናው ውሹ ሲያዩት ያምራል፤ ሲያዩት ብቻ። ካራቴ ግን ባሉበት ቆሞ በክንድ መመከትን ያስተምራል። ቤቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ካራቴ ይሻላል። ዛሬም ብጠየቅ ይህንኑ እላለሁ።

ስልጠናው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። ወጣቶቹ ሳቁብኝ።

«ማዘር፣ ለኦሎምፒክ ነው?»

«ለወገቤ ነው።»

አስተማሪው አልሳቀም። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ አስቀርቶ ጠየቀኝ።

«ማን ነው የሚያስቸግርዎት?»

«ሌባ።»

«ለሌባ ጩኸት ይበቃል፣ እትዬ። እርስዎ ሁልጊዜ የሚከልሉት ግራ ጉንጭዎን ነው።»

ያን ጊዜ ለእህቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ ክንድ አንሥቶ መመከትን ብቻ ደጋግሞ አለማመደኝ። «አይምቱ፤ ይመክቱ» ይለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ባሌ እጁን ሰነዘረ፤ መከትኩት። የእጁ አንጓ ክንዴ ላይ አረፈና የራሱ አጥንት ተሰነጠቀ። እኔ አልመታሁትም። ሽማግሌ ያስቀመጠው ግን እሱ ሆነ፤ እጁን በጄሶ አሳስሮ «ሚስቴ ሰበረችኝ» አላቸው።

«ምስክር አለኝ» ብዬ አስተማሪዬን ያስጠራሁት እኔው ነኝ። አዳራሹን ለካራቴ ክለቡ የሚፈቅደው ባሌ የሚሠራበት ቢሮ መሆኑን አውቅ ነበር። ግን አላሰብኩትም።

ገብቶ መጀመሪያ ወደ ባሌ ሄደ። «እግዜር ይማርዎት» አለው። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ተናገረ።

«እኛ ሰው መማታት አናስተምርም። እሳቸው ገና ሲመጡ ቂም ይዘው ነበር፤ ብመክራቸውም አልሰሙኝም። የሰለጠነ እጅ ደግሞ መሣሪያ ነው።»

«የነገርኩህን ንገራቸው እንጂ!» አልኩት።

«የነገሩኝማ ስለ ሌባ ነው፣ እትዬ።»

አንደኛው ሽማግሌ «ለመሆኑ ቀበቶዋ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አሉ፤ ባሌም ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ትልቁ ሽማግሌ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ በባል ላይ እጅ ማንሣት ነውር ነው። በይ ጉልበቱን ስመሽ ተነሺ።»

ሳምኩት። ወገቤ በስልጠናው ላልቶ ስለነበር መጎንበሱ አልከበደኝም። አስተማሪው ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ቆሞ ነበር። ክለቡም አዳራሹን አላጣም።

በማግስቱ ነጩን የስልጠና ልብስ ቀድጄ የወለል መወልወያ አደረግሁት። ጄሶው እስኪፈታ ድረስ ባሌን እያጎረስኩ አበላሁት። ሲፈታ በዚያው እጁ መታኝ። አልመከትኩም።